ማሽኑ ድንበሩን በምን ያውቃል? የሊሚት ስዊች አመራረጥ ዳሰሳ

አዲስ አበባ ውስጥ በር፣ ቁም ሣጥንና የኩሽና ካቢኔት በሚሠሩ ወርክሾፖች ሲኤንሲ ራውተር ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ብዙዎቹ ከቻይና የመጡ፣ ጠረጴዛቸው 1.3 ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነ፣ ነጋዴዎችም በዚሁ ስፋታቸው 1325 ብለው የሚጠሯቸው ናቸው። ባለሙያዎቹ ስለ ስፒንድሉ ጉልበት፣ ስለ ሞተሩና ስለ ቢቱ ስለት ብዙ ያወራሉ። በሐዲዱ ጫፍ ላይ ስለታሰረችው፣ አውራ ጣት ስለምታክለው ሴንሰር ግን ወሬ የሚነሣው ጋንትሪው፣ ማለትም ስፒንድሉን ተሸክሞ በሐዲዱ ላይ የሚሄደው ድልድይ፣ ሄዶ ከጫፉ ጋር ሲላተም ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ትንሽ ዕቃ ነው። ምሳሌዬም ይኸው የእንጨት ራውተር ይሁን፤ የሚነሡት ጥያቄዎች ግን ለሌዘር መቁረጫም፣ ለ3ዲ ፕሪንተርም፣ ለፋብሪካ ማጓጓዣም፣ በሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ ለሚል ማሽን ሁሉ ያው ናቸው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ችግሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እነዚህን ማሽኖች በአብዛኛው የሚያንቀሳቅሱት ስቴፐር ሞተሮች ናቸው። ስቴፐር የታዘዘውን ያህል ይዞራል እንጂ የት እንደደረሰ መልሶ አይናገርም። መቆጣጠሪያው የላከውን ፐልስ ቆጥሮ ጋንትሪው 840 ሚሊ ሜትር ላይ ነው ብሎ ያምናል እንጂ አያየውም። ኃይል ሲቋረጥ ቆጠራው ይጠፋል። ቁጥሩን የሚያስቀምጥ መቆጣጠሪያ ቢሆን እንኳ ጋንትሪው ሲቆም ጥቂት ስቴፕ ስቶ፣ ወይም ሠራተኛው በእጁ ገፍቶት ሊሆን ስለሚችል የተቀመጠው ቁጥር እምነት አይጣልበትም። የዞረውን ብቻ የሚቆጥር ኢንክሪመንታል ኤንኮደር የተገጠመለት ሰርቮም ከዚህ አያመልጥም። በበራበት ቅጽበት ቦታውን የሚያውቀው አብሶሉት ኤንኮደር ያለው ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ በጨለማ ቤቱ እንደገባ ሰው ግድግዳ ዳብሶ መነሻውን ማግኘት አለበት።

ገዢው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው "የትኛው ስዊች ይሻላል?" ብሎ ነው። ሻጩም ይበልጥ ትክክል የሚለካውን ወይም ይበልጥ ውድ የሆነውን ያሳየዋል። እኔ ግን ከዚህ በፊት የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ ብዬ አምናለሁ። አንደኛው ይህ ስዊች የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ የተበላሸ ዕለት ማሽኑ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። መቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለይ ሆኖ ሲበላሽ ዝም ከሚል ስዊች፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚስት ሆኖ ሲበላሽ ማሽኑን የሚያቆም ስዊች ይሻላል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

ከሥራው እንጀምር። ሁሉም በአንድ ስም ሊሚት ስዊች ይባሉ እንጂ ሦስት የተለያየ ሥራ የሚሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ሆም ነው፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር መነሻውን የሚያገኝበት። ከሆም የሚፈለገው ዛሬም ነገም በዚያው ቦታ ላይ ምልክት መስጠቱ ነው። ሁለተኛው የጉዞ ወሰን ነው፤ ፕሮግራሙ ቢሳሳት ወይም ኦፕሬተሩ ሥራውን በተሳሳተ ቦታ ቢያስጀምር ማሽኑ ከሐዲዱ ሳይወጣ የሚያቆመው። ከእሱ የሚፈለገው ትክክል መለካት ሳይሆን በጊዜ መድረስ ነው። ሦስተኛው የመጨረሻው አጥር ነው፤ መቆጣጠሪያው ራሱ ቢደርቅም የሞተሩን ኃይል በቀጥታ የሚቆርጠው። በሊፍት ላይ ይህ ልዩነት በጥብቅ ይጠበቃል። በላይኛውና በታችኛው ፎቅ ካቢኑን በተለምዶ የሚያቆመው መሣሪያ አንድ ነገር ነው፤ ካቢኑ ያንን አልፎ ሲሄድ የደኅንነት ዑደቱን የሚበጥሰው የመጨረሻ ሊሚት ግን ራሱን የቻለ ሌላ ስዊች ነው። በትንንሽ ማሽኖች ላይ ግን ሦስቱንም ሥራ አንዲት ሴንሰር ላይ መጫን ልማድ ሆኗል። ብዙ 1325 ማሽኖች በየዘንጉ ያላቸው በአንድ ጫፍ የታሰረ አንድ የሆም ሴንሰር ብቻ ነው፤ ሌላኛውን ጫፍ የሚጠብቀው ሶፍት ሊሚት፣ ማለትም በመቆጣጠሪያው ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው ደግሞ ሆም በትክክል ከተገኘ ብቻ ነው። ሆም ሳያደርግ ሥራ የሚጀምር ኦፕሬተር በዚያኛው ጫፍ ምንም ጥበቃ የለውም።

በጊዜ መድረስ ሲባል ምን ያህል ቀድሞ ነው? ስሌቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው የማይሠራው እዚህ ላይ ነው። መቆሚያው ርቀት ሁለት ነገር ይደምራል። አንዱ መቆጣጠሪያው ምልክቱን እስኪያይ ድረስ የሚሄደው ነው። ሌላው ፍጥነቱን እየቀነሰ የሚሄደው ሲሆን፣ የፍጥነቱ ካሬ ለፍጥነት መቀነሻው እጥፍ ሲካፈል ይገኛል። ጋንትሪው በደቂቃ 12 ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 200 ሚሊ ሜትር ይሄዳል እንበል። ፍጥነቱን የሚቀንሰው በየሰከንዱ በ500 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ከሆነ መቆሚያው 40 ሚሊ ሜትር ነው። መቆጣጠሪያው ምልክቱን ለማየት 10 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅበት 2 ሚሊ ሜትር ይጨመራል። ስለዚህ ስዊቹ ከብረት ማቆሚያው ቢያንስ 42 ሚሊ ሜትር ቀድሞ መንቃት አለበት። ፍጥነቱን ወደ 24 ሜትር በደቂቃ ከፍ ስናደርገው ግን ርቀቱ 84 አይሆንም፤ 160 እና 4 ተደምሮ 164 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ማሽኑን "ፈጠን አድርገው" ተብሎ የፍጥነት ቁጥሩን ብቻ የቀየረ ሰው የሊሚቱን ቦታ ሳይነካ ቢተወው፣ ትናንት ይጠብቅ የነበረው ስዊች ዛሬ ምልክት የሚሰጠው ግጭቱን ማስቀረት በማይቻልበት ቦታ ላይ ነው።

አንዳንድ መቆጣጠሪያዎች በሊሚት ጊዜ ፍጥነት አይቀንሱም፤ ፐልሱን በአንድ ጊዜ ይቆርጡታል። በትንንሽ ማሽኖች ዘንድ እጅግ የተስፋፋው ጂአርቢኤል የተባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ማሽኑን አቁሞ አላርም ያስነሣል። ከባድ ጋንትሪ በዚህ ጊዜ በራሱ ክብደት ጥቂት ተንሸራቶ ስቴፕ ሊስት ስለሚችል ቦታው አይታመንም፤ እንደገና ሆም ማድረግ ግድ ነው። አላርሙን አጥፍቶ ከነበረበት ልቀጥል የሚል ሰው ሙሉ የኤምዲኤፍ ሰሌዳ ሊያበላሽ ይችላል።

ከመቆሚያው ርቀት ጋር የተያያዘ አንድ ስውር ስህተት አለ። ስዊቹን የሚቀሰቅሰው ብረት አጭር ከሆነ ጋንትሪው እየቆመ ሳለ ያልፈዋል። ስዊቹም ተመልሶ "ነጻ ነው" ይላል። ማሽኑ ቆሞ ሲነሣ ከወሰኑ ውጭ ሆኖ ሳለ መቆጣጠሪያው ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ ሆም ፈልግ ሲባልም ወደተሳሳተው አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቀስቃሹ ብረት ከመቆሚያው ርቀት መርዘም አለበት፤ ጋንትሪው ወሰኑን ካለፈበት ቅጽበት እስከ መጨረሻው የጎማ ማቆሚያ ድረስ ስዊቹ እንደተያዘ መቆየት ይኖርበታል። ከላይ ባለው ስሌት ለ42 ሚሊ ሜትር መቆሚያ 60 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ላሜራ ይበቃል። ከመላው ምርጫ ርካሹ ክፍል ይህ ሆኖ ሳለ፣ በተሠሩ ማሽኖች ላይ በአንድ ብሎን ራስ ሴንሰር የሚቀሰቀስበትን አሠራር ደጋግሜ አያለሁ።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ። በዕድሜ ትልቁ በንክኪ የሚሠራው ሜካኒካል ስዊች ነው። በውስጡ ያለው ፈጥኖ የሚዞር ምላስ፣ ማይክሮ ስዊች የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1932 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ በፍሪፖርት ከተማ የተፈለሰፈ ነው፤ ፈልሳፊው ማክጎል በዚያን ጊዜ የበርጀስ ባትሪ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። በ1937 ማይክሮ ስዊች የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ፤ ከ1950 ጀምሮ ስሙን የያዘው ሃኒዌል ነው። ብልሃቱ ያለው እንደ ቅስት በታጠፈው ስፕሪንግ ላይ ነው። ማንሻው ቀስ ብሎ ቢገፋም ስፕሪንጉ አንድ ነጥብ ሲያልፍ ምላሱ በድንገት ይገለበጣል። በዚህ የተነሣ ቀስ ብሎ የመጣም ፈጥኖ የመጣም ጋንትሪ በአንድ ቦታ ላይ ይቀሰቅሰዋል፤ ኮንታክት የምንላቸው እውቂያዎቹም ግማሽ ተነካክተው ብልጭታ አያበዙም።

ማይክሮ ስዊች ርካሽ ነው፣ የራሱ ኃይል አይፈልግም፣ ማንኛውም ኤሌክትሪሽያን ያውቀዋል። ሆኖም አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለው። ትልቅ አምፔር የሚችል ስዊች ለትንሽ ምልክት ይበልጥ ይስማማል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። የኦምሮን ኤስኤስ ተከታታይን ብንወስድ ኤስኤስ-5 5 አምፔር የሚሸከም ነው፤ ኤስኤስ-01 ግን 0.1 አምፔር ብቻ። ለመቆጣጠሪያ ግብዓት የሚሻለው ሁለተኛው ነው። ትልልቁን አምፔር ለመሸከም የተሠራ የብር እውቂያ በላዩ የሚይዘውን ስስ ዝገት የሚያቃጥለው በሚያልፍበት ጉልህ ኤሌክትሪክ ነው። ጥቂት ሚሊ አምፔር ብቻ ሲያልፍበት ዝገቱ ይከማቻል፤ ዋል አደር ሲል ስዊቹ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ ይተኛል። ለትንሽ ምልክት የሚሠሩት እውቂያቸው ወርቅ የተቀባ በመሆኑ ይህ አይገጥማቸውም። ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በመልክ አይለያዩም፤ መለያው በጎናቸው የታተመው ቁጥር ነው።

ሌላው የሜካኒካል ስዊች ጠባይ እውቂያው ሲገጥም ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ መንጠሩ ነው። መቆጣጠሪያው አንዱን ንክኪ እንደ ብዙ ንክኪ እንዳያነበው ፕሮግራሙ ትንሽ ጠብቆ እንዲያነብ ይደረጋል። አቀማመጡም ይታሰብበት፤ ማንሻው ባለ ሮለር ይሁን፣ ቀስቃሹ ብረት ፊቱ በዝግታ የሚወጣ ዳገት ይኑረው። በቀጥታ ፊት ለፊት የሚመታ ብረት ስዊቹን ማቆሚያ ያደርገዋል፤ ስዊች ደግሞ ጋንትሪ እንዲያቆም የተሠራ ዕቃ አይደለም።

ለእንጨት ቤት እኔ የማስቀድመው ኢንዳክቲቭ ሴንሰሩን ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1958 ጀርመን ማንሃይም ውስጥ ቫልተር ፔፐርልና ሉድቪግ ፉክስ በመሠረቱት ድርጅት ለኬሚካል ፋብሪካው ለባስፍ የተሠራ ነው። ፋብሪካው የፈለገው በንክኪ የሚሠሩትን እውቂያዎች የሚተካለት ነገር ነበር። ሴንሰሩ በፊቱ ትንሽ ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ ሜዳ ይዘረጋል፤ ብረት ሲቀርበው ሜዳው ይዳከማል፤ ያን ጊዜ ምልክት ይሰጣል። የሚያልቅ እውቂያ የለውም። ሰጋቱራና የኤምዲኤፍ ብናኝ አያየውም፤ በሰጋቱራ ተቀብሮም ሥራውን ይሠራል። ምርጫዬ ከዚህ የመጣ ነው።

ነገር ግን በእሽጉ ላይ ያለው የርቀት ቁጥር ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። "4 ሚሊ ሜትር" የሚለው የተለካው በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ተራ ብረት ነው። በሌላ ብረት ርቀቱ ያንሳል፤ ለስቴንለስ ወደ ሰባ በመቶ፣ ለናስ ከግማሽ በታች፣ ለአሉሚኒየም ወደ አርባ በመቶ፣ ለመዳብ ደግሞ ወደ ሠላሳ በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ 4 ሚሊ ሜትር የተባለው ሴንሰር አሉሚኒየምን የሚያየው በግምት 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ሲቀርበው ነው። የጋንትሪው ጎን አሉሚኒየም ስለሆነ ራሱ ይቀሰቅሰው ብሎ ያለ ሰው ሴንሰሩን እጅግ ማቅረብ ይኖርበታል፤ ሐዲዱ ትንሽ ሲላላ ይነካካሉ። አንዲት የተራ ብረት ቁራጭ በሁለት ብሎን ማሰር ነገሩን ይፈታዋል። በተራ ብረትም ቢሆን የሚታመነው ከተጻፈው ርቀት ሰማንያ በመቶ ገደማ ነው፤ ቀሪው ለሙቀት መለዋወጥና ለአሠራር ልዩነት የተተወ ነው።

በእነዚህ ማሽኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ኤልጄ12ኤ3-4 የተባለው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ጥርስ ሴንሰር ፊቱ ከብረት ቀለበቱ ወጣ ያለ ነው። እንዲህ ያለው በዙሪያው ብረት አይፈልግም። ወፍራም ብረት ውስጥ እስከ አንገቱ ከተቀበረ ያንን ብረት ራሱን አይቶ ሁልጊዜ እንደተቀሰቀሰ ይቀራል። ፊቱ ከቀለበቱ ጋር እኩል የሆነው ሊቀበር ይችላል፤ ዋጋው ግን አጭር ርቀት ነው። አቀማመጡን በተመለከተ ቀስቃሹ ብረት በሴንሰሩ ፊት በጎን እንዲያልፍ ይደረግ። ፊት ለፊት ከመጣ መቆሚያው ርቀት ሲያልቅ የሚያገኘው የሴንሰሩን ፊት ነው።

ብረት በሚቆረጥበት ቦታ ሒሳቡ ይቀየራል። የብረት ፍቅፋቂ በሴንሰሩ ፊት ሲከመር ቀስቃሽ መስሎ ይታያል፤ ማሽኑም ያለ ምክንያት ይቆማል። ለፍሬዛና ለቶርኖ በሚገባ የታሸገ፣ አይፒ67 የተባለ፣ ማለትም አቧራ የማያስገባና አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለሠላሳ ደቂቃ የሚቆይ ሜካኒካል ስዊች ብዙ ጊዜ ይሻላል።

የቀሩትን በአጭሩ። የብርሃን ሴንሰሩ፣ በሁለት ጣቱ መካከል ቀጭን ቅጠል የሚያልፍበት፣ ፈጣንና ትክክለኛ ነው፤ ለላቦራቶሪ መሣሪያና ለተሸፈነ 3ዲ ፕሪንተር ተወዳዳሪ የለውም። ለእንጨት ቤት ግን ብናኙ ዓይኑን ስለሚጋርደው አይሆንም። ሆል ሴንሰር ማግኔት ያነባል፤ አቧራ አይነካውም፣ ማግኔቱ ግን የብረት ብናኝ ይሰበስባል። ሪድ ስዊች በአየር ሲሊንደር ላይ ቦታውን ይዟል፤ ለሆም ግን በቂ ትክክለኛነት የለውም። ካፓሲቲቭ ሴንሰር እንጨትንም ሰጋቱራንም ስለሚያይ እዚህ ቦታ የለውም። ጭራሽ ያለ ስዊች ሆም ማድረግም አለ፤ ድራይቨሩ ሞተሩ ከማቆሚያ ጋር ተጋጥሞ ሲጫነው ያውቃል። ፕሩሳ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ኤምኬ3 ፕሪንተር በሁለት ዘንጎች ላይ የተጠቀመው ይህንን ነው። ለቀላል ማሽን ደስ የሚል መላ ነው፤ መቶ ኪሎ ለሚመዝን ጋንትሪ ግን ሆም በተደረገ ቁጥር ግጭት ማለት ስለሆነ አልመክረውም።

ትክክለኛነት የሚፈለገው ለሆም ብቻ ነው ብያለሁ። ያም ቢሆን ከስዊቹ ይልቅ በአቀራረቡ ላይ ይንጠለጠላል። በሰከንድ 200 ሚሊ ሜትር እየሮጠ የሚመጣ ጋንትሪ ምልክቱ በ10 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ 2 ሚሊ ሜትር ይስታል። በደቂቃ 25 ሚሊ ሜትር እየዳኸ ከመጣ ግን ያው መዘግየት የሚያስስተው ከመቶኛ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ለዚህም ነው ጥሩ ሆም ሁለት ጊዜ የሚደረገው፤ መጀመሪያ በፍጥነት ሄዶ ስዊቹን ያገኛል፣ ጥቂት ያፈገፍጋል፣ ከዚያ በዝግታ ተመልሶ ይነካዋል። ርካሹ ስዊች በዝግታ ሲነካ ውዱን ስዊች በፍጥነት ከመምታት ይበልጣል።

ኤንኮደር ያለው ሰርቮ ሲሆን ደግሞ ስዊቹ ቦታ መለካቱን ለሌላ ያስረክባል። ኤንኮደሩ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ የሚሰጠው መለያ ምልክት አለ፤ ማሽኑ ስዊቹን ካገኘ በኋላ ቀጣዩን መለያ ምልክት ይጠብቅና ሆም ብሎ የሚይዘው እሱን ነው። ቦል ስክሩ በዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ ስዊቹ ከመለያው ምልክት 2.5 ሚሊ ሜትር ርቆ፣ ከዙሩ መሃል ላይ ቢነቃ፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ ቢዋዥቅም ሆሙ አይነቃነቅም። ስዊቹ በመለያው ምልክት አጠገብ ላይ ከዋለ ግን አሥረኛ ሚሊ ሜትር የምታህል ፈቀቅታ አንድ ጊዜ የዚህኛውን፣ ሌላ ጊዜ የሚቀጥለውን ዙር ምልክት ታስይዘዋለች፤ ስህተቱም ድፍን 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አልፎ አልፎ ሥራው ልክ በአንድ ዙር ያህል የሚፈናቀል ማሽን ያለው ሰው ሰርቮውን ከመወንጀሉ በፊት የስዊቹን ማሰሪያ አላልቶ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሰው።

ጋንትሪው በሁለት ጎን በሁለት ሞተር የሚገፋ ከሆነ ለየጎኑ የራሱ የሆም ስዊች ያስፈልገዋል። ኃይል ጠፍቶ ሲመለስ አንዱ ጎን ከሌላው ጥቂት ሊቀድም ይችላል፤ አንድ ስዊች ብቻ ያለው ማሽን ይህን አያውቅም፤ በሩ ጠመም ብሎ ይቆረጣል። ሁለት ስዊች ሲኖር ግን እያንዳንዱ ሞተር የራሱን ስዊች እስኪያገኝ ለብቻው ይሄዳል፤ ጋንትሪውም በየጠዋቱ ወደ ቀጥ ማዕዘኑ ይመለሳል።

ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ወደ አበላሸቱ እንምጣ። ስዊች በገመድ ይታሰራል፤ በሚንቀሳቀስ ማሽን ላይ ደግሞ ከስዊቹ ይልቅ የሚቆረጠው ገመዱ ነው። ኖርማሊ ኦፕን የሆነ፣ ሲነካ ብቻ የሚገጥም ስዊች ገመዱ ቢቆረጥ መቆጣጠሪያው የሚያየው "ማንም አልነካኝም" የሚል ነው፤ ይህም ከጤነኛው ሁኔታ ጋር አንድ ነው። ኖርማሊ ክሎዝድ የሆነው ግን ሁልጊዜ ገጥሞ ይቆይና ሲነካ ይከፈታል፤ ገመዱ ሲቆረጥ ልክ እንደተነካ ስለሚቆጠር ማሽኑ ይቆማል። ስለዚህ ወሰን የሚጠብቅ ስዊች ኖርማሊ ክሎዝድ መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ አማራጭ የለም ባይ ነኝ። ሲገዛ የሴንሰሩ መጨረሻ ላይ ያለውን ፊደል ማየት ነው። ከላይ ባነሣነው ኤልጄ12ኤ3-4 ላይ ቢኤክስ የሚለው ኖርማሊ ኦፕን፣ ኤኤክስ የሚለው ኖርማሊ ክሎዝድ ነው፤ ሁለቱም ኤንፒኤን ናቸው። ቢዋይና ኤዋይ የሚሉት በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ፒኤንፒ ናቸው። ገበያው ላይ ሞልቶ የሚገኘው ቢኤክስ በመሆኑ ብዙ ማሽን የተሠራው በዚያ ነው።

ኤንፒኤንና ፒኤንፒ የሚለው ምርጫም ከመቆጣጠሪያው ጋር መስማማት ብቻ አይደለም። ኤንፒኤን ውጤቱን ወደ ዜሮ ቮልት ይስበዋል። ኖርማሊ ክሎዝድ ኤንፒኤን በጤናው ጊዜ መስመሩን ዜሮ ላይ ይይዛል፤ የገመዱ ልባስ ተልጦ ከዜሮ ቮልቱ ጋር ከተያያዘው የማሽኑ አካል ጋር ቢነካካ መስመሩ ያው ዜሮ ስለሆነ ስዊቹ ለዘላለሙ "ነጻ ነው" ይላል። ፒኤንፒ ግን በጤናው ጊዜ መስመሩን 24 ቮልት ላይ ይይዛል፤ ከአካሉ ጋር ሲነካካ ይወድቅና ማሽኑ ይቆማል። መቆጣጠሪያው ሁለቱንም የሚቀበል ከሆነ ፒኤንፒውን እመርጣለሁ። የ5 ቮልት አርዱዪኖ ላይ ግን ፒኤንፒን በቀጥታ ማሰር 24 ቮልት በእግሩ ማስገባት ነው፤ ያቃጥለዋል። ኤንፒኤኑም ብዙ ጊዜ በውስጡ ወደ አቅርቦቱ የተያያዘ ሬዚስተር ስላለው ምልክቱን በብርሃን በሚያሻግር ኦፕቶካፕለር ቢለይ ይሻላል።

ኖርማሊ ክሎዝድ መሆኑም የማያድንበት ቦታ አለ። የማይክሮ ስዊቹ እውቂያ ተጣብቆ ቢቀር ወይም ስፕሪንጉ ቢሰበር፣ ማንሻው ቢጫንም አይከፈትም። ለመጨረሻው አጥር የሚሠሩት ስዊቾች ከዚህ ይለያሉ፤ ማንሻው በስፕሪንግ ሳይተማመን እውቂያውን በጠንካራ አካል ገፍቶ ይበጥሰዋል። በአካላቸው ላይ ክብ ውስጥ ያለ ቀስት ይታተምባቸዋል። ሰው በማሽኑ አጠገብ የሚቆም ከሆነ ወይም ግጭቱ ትልቅ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ በየጫፉ አንዳንድ ይህን ዓይነት ማሰርና በኢመርጀንሲ ስቶፑ ዑደት ውስጥ ማስገባት ተገቢ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳይ ጫጫታ ነው፤ የጆሮ ሳይሆን የኤሌክትሪክ። ስፒንድሉን የሚያሽከረክረው ኢንቨርተር በገመዱ ዙሪያ ጉልህ ረብሻ ይረጫል። የሊሚቱ ሽቦ ከስፒንድሉ ኬብል ጋር በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ተጎንጉኖ ሲሄድ ረብሻው ምልክት መስሎ ይገባና ማሽኑ ሥራ መሃል ላይ "ሊሚት ተነካ" ብሎ ይቆማል። በዚህ የተማረረ ኦፕሬተር የሚያደርገው ሊሚቱን ከመቆጣጠሪያው ሴቲንግ ውስጥ ማጥፋት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ምንም ጥበቃ ሳይኖረው ለወራት ይሠራል። በሐሰት የሚጮህ ሊሚት መጨረሻው የተዘጋ ሊሚት ስለሆነ ይህን ከደኅንነት ነጥሎ ማየት አይቻልም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የስፒንድሉ ኬብል ሺልድ ያለው ይሁን፣ ሺልዱም ከመሬት ጋር ይያያዝ፤ የሊሚቱ ሽቦ ለብቻው ይሂድ፤ ምልክቱ በ5 ሳይሆን በ24 ቮልት ይሁን፤ መግቢያው ላይ ኦፕቶካፕለር ይኑር። እነዚህ ከተደረጉ በኋላ ነው ፕሮግራሙ ትንሽ ጠብቆ እንዲያነብ የሚደረገው፤ ከዚያ በፊት ከሆነ በሽታውን ሸፍኖ መቆሚያውን ማራዘም ይሆናል።

ለምሳሌያችን ራውተር እኔ ብመርጥ እንዲህ ነው የማደርገው። በኤክስና በዋይ ዘንጎች ሆሙ ላይ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኖርማሊ ክሎዝድ ኢንዳክቲቭ፣ በጋንትሪው ሁለት ጎን አንዳንድ፣ ቀስቃሹ በጎን የሚያልፍ ረጅም የተራ ብረት ላሜራ። በተቃራኒው ጫፍ ባለ ሮለር ሜካኒካል ስዊች፣ ክብ ውስጥ ቀስት ያለበት፣ በኢመርጀንሲ ስቶፑ ዑደት ላይ። ከሁሉም በኋላ የጎማ ማቆሚያ። ዜድ ዘንግ ለብቻው ይታሰብ፤ ቁልቁል የሚሄድ ስለሆነ ኃይል ሲቋረጥ ስፒንድሉ በክብደቱ ሊወርድ ይችላል፤ ብሬክ ያለው ሞተር ያስፈልገዋል። ሆሙ ከላይኛው ጫፍ ነው የሚሆነው፤ ከሌሎቹ ቀድሞም ሆም ያደርጋል፤ ቢቱ ከእንጨቱ ሳይወጣ ጋንትሪው እንዳይንቀሳቀስ። የታችኛው ወሰኑ ግን በስዊች አይጠበቅም፤ የቢቱ ርዝመት በየሥራው ስለሚለያይ ቁመቱን በቱል ሴተር መለካት ይሻላል።

ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሞተሮቹ ኃይል ጠፍቶ በእያንዳንዱ ሴንሰር ፊት ብረት ቀርቦ የመግቢያው መብራት ይታይ። ቀጥሎ የእያንዳንዱ ስዊች ሶኬት ተራ በተራ ይነቀል፤ ሶኬቱ ተነቅሎ መንቀሳቀስ የሚችል ማሽን ካለ ሽቦው የታሰረው በተሳሳተ መንገድ ነው። ከዚያ በዝግታ ወደየጫፉ ይሄድ፣ በኋላም በሙሉ ፍጥነት። በመጨረሻ ዲያል ጌጅ በጠረጴዛው ላይ ታስሮ ሆም አሥር ጊዜ ይደረግና ንባቡ በተራ ይጻፍ። ቁጥሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሸሹ ከሄዱ የላላ ማሰሪያ ወይም እየሞቀ ያለ ሴንሰር ይፈለግ፤ ወዲያና ወዲህ ከተበተኑ ደግሞ የመጨረሻው የሆም አቀራረብ ፍጥነት ይቀነስና የስፒንድሉ ኬብል የት እንደሚያልፍ ይታይ።